የተቀበረ ጥላ

ከዳንግላ ወጣ ብላ ባለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ሲቆፈር ደረስሁ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ጨርቃቸው ያለቀ ጥላዎች፣ ምላሳቸው የወደቀ ቃጭሎች፣ ሰም የጋገረባቸው የመቅረዝ ስብርባሪዎችና አይጥ የበላው መጋረጃ ተቆልለዋል። «አባ፣ ይህ ሁሉ አሮጌ ዕቃ ለምን አይጣልም?» አልኋቸው ገበዙን። ቀና ብለው አዩኝና «ስለት እኮ ነው ልጄ። የተሰጠ ነገር ከቅጥር አይወጣም» ብለው ወደ ቆፋሪዎቹ ዞሩ።

ነገሩ እዚያው ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ አላለቀም። የአርኪዮሎጂ ሰው ነኝ፤ ሥራዬ የሌላ ሰው ጉድጓድ ማንበብ ነውና ሐሳቤ ወዲያው 500 ዓመት ወደፊት ሄደ። ጨርቁ ይበሰብሳል፤ ሰሙና መጋረጃው ይጠፋሉ። የሚቀረው የዛገ የጥላ ዘንግ፣ አረንጓዴ የለበሰ ናስና ጥቂት ገል ነው። ጉድጓዱ ያለው ደግሞ ከሕንፃው ጀርባ፣ ከአጥሩ ጥግ ነው። ይህን የሚያገኝ ቆፋሪ ግኝቱን በሚያኖርበት ፌስታል ላይ ምን ብሎ እንደሚጽፍ አውቃለሁ፤ እኔም ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፦ «የቆሻሻ ጉድጓድ»።

የግሪክንና የሮማን መቅደሶች የሚያጠኑ ሰዎች ለእንዲህ ያለው ጉድጓድ ስም አላቸው፤ ቦትሮስ ወይም ፋቪሳ ይሉታል። ለአምላክ የተሰጠ ዕቃ ሲሰበር ወይም መቅደሱን ሲያጣብብ የአምላኩ ንብረት ነውና ወደ ውጭ አይወጣም፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ይቀበራል። ገበዙ በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሱትን ነው የሙያው መጻሕፍት በብዙ ገጽ የሚያብራሩት። እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። የገጠር መቅደስንና ስለትን ስንመድብ መጀመሪያ የምናየው ቦታውን ነው፤ ቀጥሎ የዕቃውን መልክ። ዕቃው እንዴት እዚያ እንደገባ የምንጠይቀው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ጊዜ ከተረፈን። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ይመስለኛል።

ምንጭ ሁሉ መቅደስ አይደለም

ቦታን መነሻ ማድረግ የራሱ ምክንያት አለው። ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ደ ፖሊኛክ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ከከተማ ርቀው የተሠሩት የግሪክ መቅደሶች የከተማዋን ግዛት ወሰን ያስከብሩ ነበር ብሎ ተከራከረ። ሐሳቡ ብዙ ነገር አብርቷል። ግን ከዚያ ወዲህ ከመንደር ራቅ ብሎ የተገኘን መቅደስ ሁሉ «የወሰን መቅደስ» ማለት ቀላል ሆነ። ቦታው የት እንደሆነ ይነግረናል፤ ምን እንደተደረገበት ግን አይነግረንም።

የቀርጤስ ደሴት የተራራ ጫፍ መቅደሶች ጥሩ ትምህርት ናቸው። ጆን ማይርስ በ1903 እ.ኤ.አ. ፔትሶፋስ ላይ ሲቆፍር እጃቸውን ያነሡ የሸክላ ሰዎች፣ የሸክላ ከብቶችና ለብቻቸው የተሠሩ እጅና እግሮች አገኘ። ከዚያ በኋላ ገል የተገኘበት ጫፍ ሁሉ መቅደስ እየተባለ ዝርዝሩ ረዘመ። አላን ፒትፊልድ የሚባል አጥኚ መጣና ዝርዝሩን በወንፊት ነፋው፦ ከመንደር ይታያል? ሰው በእግሩ ሊደርስበት ይችላል? ከሁሉ በላይ ደግሞ የሸክላ ምስል አለው? ብዙዎቹ ወደቁ። የእረኛ ማረፊያና የጥበቃ ማማም ገል ይተዋሉና።

ጎጃም ላይ ይህ ጥያቄ ይብሳል። በጮቄ ዙሪያ የሚፈልቀውን ምንጭ ማን ቆጥሮት! ከብት የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ሰው የሚጠመቅበት ምንጭ በድንጋዩም በጭቃውም አይለይም። በሦስቱም ዙሪያ ገል አለ። ታዲያ ልዩነቱን የሚያሳየው የስብራቱ ዓይነት ነው። ውኃ ሊቀዳ የመጣ ሰው የሚሰብረው እንስራ ነው፤ ትልቅ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ከንፈሩና ጆሮው በብዛት ይገኛል፣ ቂጡ በአገልግሎት የተፋቀ ነው። ስለት የሚተው ሰው ዕቃ ግን ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ማጨሻ፣ ጽዋ፣ ከመጫወቻ የማይበልጥ ማሰሮ። ሙሉውን ይገኛል፤ አለዚያ ሆን ተብሎ ቂጡ ተበስቷል። ስለዚህ ገሉን ከመቁጠር በፊት መመዘንና የአፉን ስፋት መለካት ያስፈልጋል። 200 ቁራጭ ገል ከሁለት እንስራ ሊወጣ ይችላል።

እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ኮሊን ሬንፍሩ በ1985 እ.ኤ.አ. ፊላኮፒ ስለተባለው የሜሎስ ደሴት መቅደስ ሲጽፍ የአምልኮ ምልክቶችን ዘርዝሯል፦ ዓይንን ወደ አንድ ቦታ የሚስብ ነገር፣ ንጹሑን ከርኩሱ የሚለይ ወሰን፣ የአምላኩን መኖር የሚያሳይ ምስል ወይም ምልክት፣ ሰዎች የተሳተፉበትና የሰጡት ነገር። አንዱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ተሰባስበው መገኘት አለባቸው። ዝርዝሩ እንደ አመልካች ግሩም ነው። እንደ ቅጽ እየሞሉት ሲሄዱ ግን ዛሬ ከገበዙ ግቢ ውስጥ ያለው ያ ጉድጓድ አንዱንም ሳያሟላ ያልፋል።

ግሽ ላይ የሚቀረው

ይህን እያሰላሰልሁ ወደማውቀው ምሳሌ ዞርሁ፤ ወደ ዓባይ መነሻ፣ ወደ ግሽ ዓባይ። ታሪኩን ለጎጃም ሰው መድገም አያሻም። እዚህ የምፈልገው የአርኪዮሎጂ ጥያቄውን ብቻ ነው፦ ተጓዦች የጻፉት ሥርዓት እውነት ከነበረ መሬት ውስጥ ምን ይቀራል?

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በኅዳር 1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ደርሶ ያየውን በልኬት ጽፏል። ከረግረጉ መካከል 3 ጫማ ያህል ከፍ ያለች፣ ከዳር እስከ ዳር ስፋቷ 12 ጫማ የማይሞላ ክብ ጉብታ ነበረች፤ ማለትም ቁመቷ 90 ሴንቲሜትር፣ ስፋቷ 3 ሜትር ተኩል ገደማ። የተሠራችው ከነሣሩ ከተቆረጠ አፈር ነው፤ ዙሪያዋን ጥልቀት የሌለው ቦይ ይዞራታል፣ በየጊዜው ትጠገናለች፣ ምንጩም ከመካከሏ ነው። መሠዊያዋ እሷ ነች ይላል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሲርየስ የምትባለው ደማቅ ኮከብ ስትወጣ፣ የአገው ነገዶች አለቆች ተሰብስበው ያልወለደች ጥቁር ጊደር ይሠዋሉ። ጭንቅላቷ ምንጩ ውስጥ ተነክሮ በቆዳዋ ይጠቀለላል፤ ዳግመኛ ሳይታይ ወደ ዋሻ ይወሰዳል። ሥጋዋ በየነገዱ ተከፋፍሎ እዚያው ጥሬውን ይበላል። አጥንቱ ተከምሮ አመድ እስኪሆን ይቃጠላል።

ከእሱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ የጻፈው ፖርቱጋላዊው ሚስዮናዊ ጀሮኒሞ ሎቦ ደግሞ ሌላ መልክ ሰጥቶታል። ካህኑ አንድ ላም ሠውቶ ጭንቅላቷን ምንጩ ውስጥ ይጥላል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ሰው እንደ ሀብቱና እንደ እምነቱ ላም ያርዳል፤ አጥንቱ ሁለት ተራራ እስኪያህል ተከምሯል።

ሁለቱም ጭንቅላቱ ምንጩ ውስጥ መግባቱን ይስማማሉ፤ ሎቦ ጋ እዚያው ይቀራል፣ ብሩስ ጋ ወደ ዋሻ ያልፋል። አጥንቱ ላይ ግን ይለያያሉ፤ አንዱ ጋ ተቃጥሎ አመድ ሆኗል፣ ሌላው ጋ ተራራ ሆኗል። ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ ማን ዋሸ ብሎ ይከራከራል። እኔ ደግሞ እዚህ ላይ ነው ከወንበሬ የተነሣሁት፤ ምክንያቱም ሁለቱ አባባሎች በአካፋ ሊፈተኑ የሚችሉ ናቸው። አንዲት ላም ሦስት ቦታ ተከፍላለች፦ ጭንቅላት በውኃ ወይም በዋሻ፣ ሥጋ በሰው ሆድ፣ አጥንት በእሳት። የሥርዓቱ መታወቂያ ይህ ክፍፍል ነው። ምንጩም ጉብታውም እሱን አይተኩትም።

ግሪክ አገር ሊካዮን ተራራ ላይ ያለው የዜውስ የአመድ መሠዊያ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። በአመዱ ውስጥ ከተገኘው የተቃጠለ የበግና የፍየል አጥንት እጅግ የሚበዛው የጭን አጥንት፣ የጉልበት ሎሚና የጅራት አጥንት ነው። ያ የአምላኩ ድርሻ ነበር፤ ሌላው ለሰው። በየትኛውም ኩሽና ሦስቱ ብቻ ተለይተው አይጠራቀሙም።

ግሽን በመሰለ ቦታ ግን ከአፈሩ ጋር መታገል አለ። የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ቀይ አፈር አሲዳማ ነው፤ ገበሬው ኖራ የሚበትነው ለዚሁ ነው። አሲድ ያልተቃጠለ አጥንትን ይበላል። ስለዚህ የሎቦ ሁለት ተራራዎች ያልተቃጠለ አጥንት ከነበሩ፣ ዛሬ የሚቀረው ቅርጽ የሌለው፣ ፎስፌት (አጥንትና እበት ሲበሰብሱ የሚተዉት ንጥረ ነገር) የበዛበት ጥቁር አፈር ሊሆን ይችላል። ለዚህ በየ5 ሜትሩ በመሰርሰሪያ ናሙና ማውጣት ይበቃል። ነገር ግን የድሮ በረትም ፎስፌቱን ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ከሩቅ ማሳ ብቻ ሳይሆን ከታወቀ በረትም ማነጻጸሪያ መወሰድ አለበት። የብሩስ የተቃጠለ አጥንት ደግሞ በተቃራኒው ዕድለኛ ነው። እስኪነጣ የተቃጠለ አጥንት ውስጡ ጠጥሮ አሲዱን ይቋቋማል፤ ከእሱም በካርቦን 14 ዕድሜ ማውጣት ይቻላል።

ጭንቅላቱስ? ጥርስ ከአጥንት ሁሉ የጠነከረ ነው። ጎጃሜ ከብት ሲገዛ አፍ ከፍቶ ጥርስ እንደሚያይ ሁሉ አጥኚውም የሚያየው ጥርስ ነው። የከብት የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ የሚበቅለው ከ24 እስከ 30 ወር ባለው ጊዜ ነው። ከውኃው ወይም ከዋሻው ጭቃ የሚወጡት መንጋጎች ሁሉ እዚያ ዕድሜ አካባቢ ከሆኑ ጊደር የሚለው ቃል ሥጋ ለበሰ ማለት ነው። ጥቁር መሆኗን ግን ለብሩስ እንተውለት።

የቅርጫ ጥርጣሬ እዚህ ይመጣል። ቅርጫ የታረደበት ቦታም ጭንቅላትና ሰኮና ይቀራል። ልዩነቱ ይኸው ሰኮናው ነው። በዕርድ ቦታ ጭንቅላትና ሰኮና አብረው ይገኛሉ፤ ጭንቅላት ብቻውን ያለ ሰኮና ከተደጋገመ ሰው መርጦ አስቀምጦታል። የቅርጫው በሬ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያረጀ፣ ጥርሱ ያለቀ ነው።

ውኃ ውስጥ የገባ ነገር ሌላም አመል አለው። ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል። ከምንጭ የሚወጣ ውኃ ቀላሉን ይዞ ይሄዳል፣ ከባዱን ይተዋል። እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ካለው የተቀደሰ ምንጭ ከ12,000 በላይ የሮማ ሳንቲምና 130 ያህል የእርግማን ጽሑፍ ያለባቸው የእርሳስ ቅጠሎች የተገኙት ሮማውያን ምንጩን በግንብ ገድበው ገንዳ ስላደረጉት ነው። የፈረንሳይ የሴን ወንዝ መነሻ ላይ ደግሞ፣ ሴኳና ለምትባል ሴት አምላክ የተሰጡ ከእንጨት የተጠረቡ ሰዎችና የሰውነት ክፍሎች በ1963 እ.ኤ.አ. በብዛት ወጥተዋል። እንጨቱ የቆየው ጭቃው ደርቆ ስለማያውቅ ነው። እንዲህ ያለ እንጨት ከወጣ በኋላ ለሰዓታት ፀሐይ ላይ ከዋለ ተሰነጣጥቆ ያልቃል። ስለዚህ ከመውጣቱ በፊት ውኃ የተሞላ ሳፋ ከጎን መቀመጥ አለበት፤ ፎቶው በኋላ ይደርሳል።

አመድ ሲነፋ

አመድ በዱቄት ይስቃል ይባላል። በቁፋሮ ላይ አመዱን ራሱን እንደ ዱቄት እንነፋዋለን። ችግሩ አመድ የሚያወጣው መሠዊያ ብቻ አለመሆኑ ነው።

ለምሳሌ ደመራ። በየዓመቱ በአንድ ቦታ ይለኮሳል፣ ክብ ነው፣ ሕዝብ ይሰበሰብበታል። የሬንፍሩን ዝርዝር ከማንም በላይ ያሟላል! መሬት ውስጥ ግን አንድ ሌሊት የነደደ እሳት የሚተወው ስስ የቀላ አፈርና ከሰል ነው፤ አጥንት የለውም፤ ምሰሶው የቆመበት ጉድጓድ ግን መካከል ላይ ይገኛል። የአዊ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ማክሰያ ደግሞ ለቀናት በአፈር ታፍኖ ይጨሳል፤ አየር ስለሚያንሰው ነጭ አመዱ ትንሽ ነው፣ ጥቁር የከሰል ብናኙ ግን ወፍራም ነው። በማግኔት መለኪያ መሠዊያው፣ ደመራውና ማክሰያው ሦስቱም የሚነድድ ቦታ ሆነው ነው የሚታዩት። መለኪያው «እዚህ ተቃጥሏል» ይላል፤ ምን እንደተቃጠለ የሚነግረን ወንፊት ነው።

አጥንት ቀለሙ ቴርሞሜትሩ ነው። ወደ 300 እና 400 ዲግሪ ሲደርስ ይጠቁራል፣ ወደ 600 ሲጠጋ ግራጫ ይሆናል፣ ወደ 700 ሲደርስ ይነጣል። ከነሥጋው ወይም ትኩሱን የተቃጠለ አጥንት ይጣመማል፣ እንደ ጥፍር የተቆለመመ ስንጥቅ ያወጣል፤ ደርቆ ከቆየ በኋላ የተቃጠለው በቁመቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ትኩስ መሥዋዕት ነው ወይስ የቆየ አጥንት ተሰብስቦ ነው የተቃጠለው ለሚለው ጥያቄ መልሱ እጃችን ላይ ነው።

አመዱ ውስጥ እህል ከተፈለገ ከየንብርብሩ ቢያንስ 10 ሊትር ወስዶ በውኃ ማንሳፈፍ ነው። እዚህ ላይ ከውጭ የመጣ መመሪያ እንዳለ ከተገለበጠ ጤፋችን ይጠፋል። ጤፍ በ1 ሚሊሜትር ወንፊት ሾልኮ ይወርዳል፤ 0.3 ሚሊሜትር የሚሆን መረብ ያስፈልጋል። ስንዴና ገብስ ብቻ የተገኘበት የቁፋሮ ዘገባ ሳነብ መጀመሪያ የምጠይቀው የወንፊቱን ቀዳዳ ነው።

ብሩስ አንድ ነገር ጨምሮ ጽፏል። አጥንቱ የሚቃጠልበት የድሮው መሠዊያ የነበረው ቤተ ክርስቲያኑ ከተሠራበት ቦታ ላይ ነበር፤ የአፄ ሱስንዮስ ወንድም ራስ ስዕለ ክርስቶስ አፍርሶ ቤተ ክርስቲያኑን አሠራበት ይላል። እንዲህ ከሆነ የተቃጠለ አጥንት ያለባቸው ሁለት ቦታዎች፣ ሁለት ዕድሜ ያላቸው፣ መጠበቅ አለባቸው። ከቤተ ክርስቲያን ሥር ማን ይቆፍራል? ማንም፤ መቆፈርም የለበትም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅም ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል። ግን ውኃ የሸረሸረው የመንገድ ዳር ግድግዳ፣ የመቃብር ቆፋሪ ያወጣው አፈር፣ አይጠ መጎጥ የገፋው ጉብታ አለ። በዓይን ብቻ፣ ምንም ሳያነሡ፣ ነጭ የአጥንት ፍርፋሪ የት እንዳለ በካርታ ላይ መመዝገብ ይቻላል።

በጉን ሸጦ ጥላ

የስለት ዕቃን ለመመደብ ከሰማኋቸው ሐሳቦች የግሪክ አርኪዮሎጂ አጥኚው የአንቶኒ ስኖድግራስ ይሻለኛል። ስለትን «ጥሬ» እና «የተለወጠ» ብሎ ይከፍለዋል። ጥሬው ሰው የሚጠቀምበት ዕቃ እንዳለ ሲሰጥ ነው፤ ጦር፣ አምባር፣ የልብስ መርፌ ቁልፍ። የተለወጠው ሀብቱ መጀመሪያ ወደ ሌላ ነገር ተቀይሮ ለመሰጠት ብቻ የተሠራ ዕቃ ሲሆን ነው። በግ ተስሎ በጉን ራሱን ነድቶ የሚያመጣ አለ፤ በጉን ሸጦ ጥላ የሚገዛም አለ። ግሪኮች ዘንድ የጥሬው እየቀነሰ የተለወጠው መብዛቱን አይቶ ስለ ኅብረተሰቡ ብዙ ነገር ደምድሟል።

የኛው ንግሥ ላይ ግን ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ጨረታ። በጉም፣ ድፎ ዳቦውም፣ አንዳንዴ ጥላው ራሱ በጨረታ ይሸጥና ገንዘቡ ቆርቆሮ ይሆናል። የገበዙ «ከቅጥር አይወጣም» የሚሠራው መቅደስ ገብቶ ላገለገለው ነው፤ ደጀ ሰላም ላይ የቀረው ይወጣል። በአቴና የፈውስ አምላክ በነበረው በአስክሌፒዮስ መቅደስም ፈውስ ያገኙ የሰጧቸው የብር እጅና እግሮች ሲበዙ እየተመዘገቡ ቀልጠው የመቅደስ ዕቃ ሆነዋል። ስለዚህ ከመሬት የሚወጣው የተሰጠው ሁሉ አይደለም፤ መሸጥና መቅለጥ ያልቻለው ነው። ቆሮንቶስ ላይ ካለው የአስክሌፒዮስ መቅደስ የሸክላ እጅና እግር ተከምሮ ስለወጣ «ድሆች ይመጡበት ነበር» ማለት፣ ጨረታውን ሳያዩ ጉድጓዱን ብቻ አይቶ መፍረድ ይመስለኛል።

ወደ ዳንግላው ጉድጓድ ልመለስ። ከቆሻሻ ጉድጓድ የሚለየው ምን ነበር? የቆሻሻ ጉድጓድ ቀስ እያለ ነው የሚሞላ፤ በክረምት የገባ ደለል፣ ከላዩ አመድ፣ ከላዩ እንደገና ደለል፣ ውሻ የጋጠው አጥንት። ይኸኛው ግን በአንድ ቀን ተሞልቶ በዚያው አፈር ተደፈነ፤ በግድግዳው ላይ አንድ ወጥ አፈር እንጂ ንብርብር አይታይም። የኩሽና ነገር የለበትም። ዕቃዎቹ ግን የአንድ ዘመን አይደሉም፤ የአያት ስለትና የባለፈው ዓመት ስለት ጎን ለጎን ነው የተኙት። እንዲህ ያለውን ጉድጓድ በአሮጌው ዕቃ የሚቆጥር ሰው በ60 ዓመት ይስታል፤ የተቀበረበትን ጊዜ የሚነግረው ከሁሉ አዲሱ ዕቃ ነው።

እንግዲህ መለያ ወረቀቱን የምሞላው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የአፈሩ ዓይነት፣ በአንድ ጊዜ ወይስ በብዙ ጊዜ እንደተሞላ፤ ቀጥሎ ምን ከምን ጋር፣ በምን አኳኋን እንደተኛ፤ ከዚያ ብዛትና ክብደት። «መቅደስ»፣ «ስለት»፣ «ቆሻሻ» የሚለው መስመር ከታች ነው፤ እሱ የሚሞላው በእርሳስ ነው፣ የቀረው በቀለም።

ጉድጓዱ ተደፍኖ ሲረገጥ ከቆፋሪዎቹ አንዱ ሲጠጣው የነበረውን የለስላሳ ቆርኪ ወደ አፈሩ ወረወረው። ገበዙ አላዩትም። እኔ አይቼዋለሁ፤ ከ500 ዓመት በኋላ የጉድጓዱን ዕድሜ የሚያወጡበት እሱ ነው።